ሃምሳ አለቃው ያጠበው ጮጮ

ባሌ የሚባል አገር መኖሩን የማውቀው በቅቤው ነበር። ደብረ ዘይት ገበያ ላይ ሻጮቹ "የባሌ ነው" ካሉ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ እኔም አሸትና አልፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ አገሩ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳን ሳይፈታ፣ "ወደ ባሌ ተመድቤያለሁ፤ ጎባ አጠገብ አዲስ የአየር ኃይል ሠፈር ሊከፈት ነው፤ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል" ሲለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር "አገሩ ምን ይመስላል?" የሚል ነበር።

"ብርድ ነው አሉ።"

"ከብርዱ ሌላስ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ መቼ አየሁትና።"

እንዲህ ያለ መልስ እኔን አያስቀምጠኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ መንገድ ካየሁ የት እንደሚደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። እናቴ ውሃ ልካኝ ስዘገይ "ይቺ ልጅ ደግሞ የማን በግ ጠፍቶባት ነው የምትዞረው" ትል ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያወቅኩትን ያወቅኩት በእግሬ ዞሬ፣ ያገኘሁትን ሰው ጠይቄ ነው።

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሥራው ማብረርም መጠገንም አይደለም፤ ነዳጅ መመርመር ነው። ጠዋት ጠዋት ከነዳጅ ቦቴው ሥር በወፍራም ጠርሙስ ይቀዳል፣ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ ያዞረዋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሥር ውሃ ከተኛ፣ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ፣ ያ ነዳጅ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም። "ሰማይ ላይ ሞተር ቢጠፋ ወርዶ የሚገፋ የለም" ይላል። ይሄው ልማዱ ቤትም ተከትሎት ገብቷል። የሚጠጣውን ውሃ እንኳን ብርጭቆውን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ሳያይ ወደ አፉ አያስጠጋም። እንግዳ ቤት ስንሄድ ይሄን ሲያደርግ እኔ መሬት ውስጥ ልግባ እላለሁ።

ሦስት ልጆች ነበሩን። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን ከዚያ ይበልጣል። መሐለኛው ወንድ ነው። ትንሿ ገና ዓመቷን አልደፈነችም፤ ያስጨነቀችንም እሷ ናት። እኔ ወባ ይዞኝ ከርሜ ጡቴ ደርቆባት፣ ሳነሣት እንደ ባዶ ቅርጫት ትቀለኝ ነበር። ባለቤቴ እሷን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ዕቃ ስንሸክፍ ያለኝን ዛሬም አልረሳውም።

"እንሄዳለን። ግን ልጅቷ እዚያ ብርድ ላይ ካልበረታች፣ ዕቃ በሚያመላልሰው መኪና ተመልሳችሁ እኅቴ ዘንድ ትቀመጣላችሁ። እኔ ብቻዬን እቆያለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪቀይሩኝ።"

እስኪቀይሩኝ ማለት አንድ ዓመት ይሁን አምስት፣ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። የሶማሌው ጦርነት ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ ወታደር ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። ባሎቻቸው ሄደው በየዘመድ ቤት ተበትነው የቀሩ ሴቶች አውቅ ነበር። ልጆቻቸው አባታቸውን በፎቶግራፍ ነው የሚያውቁት።

የሄድነው በኦራል መኪና ነው። ሌሎቹ ቤተሰቦች ከነፍራሻቸው ከነዶሯቸው ከላይ ተጫኑ፤ እኔን ሕፃን ስለያዝኩ ሾፌሩ ጋቢና አስገባኝ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ዕድል የለም፤ መስኮትም አገኘሁ፣ የሚጠየቅ ሰውም አገኘሁ። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ዶዶላ ስንታጠፍ ጀመርኩት። ይሄ ወንዝ ወዴት ይወርዳል? እዚህ የሚዘራው ስንዴ ነው ገብስ? ያቺ ሴት በፈረስ ላይ ሆና ጃንጥላ የያዘችው ለፀሐይ ነው ለዝናብ?

"እትዬ" አለኝ ሾፌሩ አዳባ ላይ፣ "እርስዎ ካርታ ሊሠሩ ነው እንዴ የሚሄዱት?"

"ብችል ምን ከፋኝ።"

"እንግዲያው ይሄንን ይጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ብርድ እኔንም አያውቀኝም።"

ዲንሾ ስንደርስ ጉም መንገዱን ዋጠው። መኪናው በጥዱ መሐል ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ከመንገዱ ዳር ቀንዳቸው የተጠማዘዘ፣ በሬ የሚያህሉ አጋዘኖች ቆመው እኛን ያያሉ። አልሸሹም። እነሱም "እነዚህ ደግሞ ወዴት ነው" የሚሉ ይመስላሉ። ልጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ዓይኗን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው፤ ለማየትም ጉልበት ይፈልጋል።

ሮቤን በጋሪዎቿና በፈረሶቿ መሐል አቋርጠን፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ሠፈሩ ደረስን። ሠፈር ከተባለ። ለአውሮፕላን ማረፊያ ረጅም ሜዳ ተልጦ ተደልድሏል፤ ግማሹ ላይ ገና ጠጠር እየደፉ ነው። በስተዳር የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል፤ አንዱን ቤተሰብ ከሌላው የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ቤት ሆነን "ይማርህ" እንላለን። ዙሪያው ሽቦ ነው፤ አንድ በር አለው፣ በሩ ላይ ዋርድያ ይቆማል።

በመጀመሪያው ጠዋት የገጠመኝን ላውራ። ስነቃ ፊቴ ላይ ጠብ አለ። ዝናብ ነው ብዬ ብወጣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ስመለስ አሁንም ቤት ውስጥ ይዘንባል። ለካ ስንተነፍስ ያደርነው ትንፋሽ ቆርቆሮው ሥር በረዶ ሠርቶ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ በላያችን ይወርዳል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ጠብታውን ይጠብቁ ጀመር። "የራሳችንን ትንፋሽ እየጠጣን ነው" አልኳቸው። ትልቋ "የወንድሜን ከሆነ ይቅርብኝ" ብላ አፏን ዘጋች።

ትንሿ ግን አልጠጣ አለች። ከሠፈሩ መደብር የምናገኘው የዱቄት ወተት ነው፤ ሰጥቼያት ሳትውጠው ትመልሰዋለች፣ የዋጠችውም ሆዷን ያጥባታል። የሠፈሩ ድሬሰር ከንፈሯን ከፈት አድርጎ አየና "ትኩስ የላም ወተት ፈልጉላት። ግን ሆዷ ደክሟል፤ ምንም ዓይነት ቆሻሻ እንዳይነካው" አለን። ባለቤቴ "ቆሻሻ" የምትለዋን ሲሰማ ትእዛዝ እንደተቀበለ ሰው ቀጥ አለ። ከዚያ እየወጣን "ኦራሉ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወርዷል። ሲመለስ ካልተሻላት ትሄዳላችሁ" አለኝ።

ውሃ የምንቀዳው ከሽቦው ውጭ ካለ ምንጭ ነበር። ዋርድያው ለውሃ ስንወጣ ያሳልፈናል፤ የእኔ ውሃ መቅዳት ግን ትንሽ ይረዝማል። ትንሿን አዝዬ፣ ጀሪካኔን ምንጩ አጠገብ አስቀምጬ፣ ሽቦውን ተከትዬ እዞራለሁ። አንድ ቀን እንደዚያው ስዞር፣ በሽቦው በኩል የአውሮፕላኑን ሜዳ እያየች ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ከኋላዋ ላሞቿ ተሰልፈው ቆመዋል። ይሄ አስገረመኝ፤ ሣር አይግጡ፣ አይሄዱ፣ ሽቦው ላይ አፍንጫቸውን ደግነው ቆመዋል።

ከደብረ ዘይት የያዝኩት ትንሽ ኦሮምኛ ነበረኝና "አከም ጅርቱ፣ አዮ" አልኳት። አዮ እናቴ እንደ ማለት ነው። እሷም ጤናዬን፣ የቤቴን ጤና፣ የከብቶቼን ጤና ጠየቀችኝ። ከብት እንደሌለኝ ስነግራት ያዘነችልኝ መሰለኝ። ጎባና ሮቤ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ናትና አማርኛዋ ከእኔ ኦሮምኛ በብዙ ይሻላል።

"ላሞቹ ምን ይጠብቃሉ፣ አዮ?"

"መንገዳቸውን። ድሮ በዚህ አቋርጠው ነበር ወንዝ የሚወርዱት። ሽቦ መጣ አልኳቸው። ላም አይሰማም፤ ቆሞ ካላየ አያምንም።"

"እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ?"

"አውሮፕላኑን። በላያችን ሲበር በጦርነቱ ጊዜ ጠግቤ አይቼዋለሁ። መሬት ላይ ሆኖ ምን እንደሚሠራ ነው ያላየሁት። ምን ይጠጣል? ማን ነው የሚያጠጣው?"

"ባለቤቴ ነው።"

"እረኛው በይኛ" አለች ከት ብላ ስቃ።

እኔም በተራዬ ጠየቅኋት። ከዚያ ከተራራው ወዲያ ምን አለ? ሳነቴ። ከሳነቴ ወዲያስ? ቁልቁል ጫካ፣ ከዚያ ደሎ መና፣ ቡናና ማር፣ ሙቀት። ሄደውበታል? በፈረስ፣ ቅቤ ይዤ ወርጄ ቡና ይዤ ወጥቻለሁ። ሲያድሩ የት ያድራሉ? ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ...

"ወላሂ አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "ያ በር ላይ ያለው ወታደር እንኳን እንዲህ አልጠየቀኝም።"

ከዚያ ተነሥታ ከጀርባዬ ያለውን ነጠላ ገለጥ አደረገችው። ትንሿን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"ይቺ የሰው ልጅ ናት ወይስ የሌሊት ወፍ?"

"ታማብኝ ነው። ወተት አጥታ ነው።"

"ምን እያጠጣሻት ነው?"

"የዱቄት ወተት።"

"ዱቄት" አለች።  ዱላዋን አንሥታ ወደ ጎጆዋ ሄደች፤ ጎጆዋ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስትመለስ በቆዳ ማንጠልጠያ የተያዘ ጮጮ ይዛለች፤ ከቀጭን የቁጥቋጦ ሥር የተጠለፈ፣ አንገቱ ቀጠን ያለ የወተት ዕቃ። ከውጭ ቡናማ ነው፤ ከውስጡ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ የወይራ ጭስ ይሸታል። "ቢስሚላሂ" ብላ በክዳኑ ቀዳችና ከልጄ አፍ አስጠጋችው። ትንሿ መጀመሪያ አፍንጫዋን ነፋች። ከዚያ በሁለት እጇ ክዳኑን ያዘች። ክዳኑ ባዶ ሲሆን አለቀሰች። ልጄ ለምግብ ስታለቅስ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወተት ይዤ እመለስ ጀመር። ጮጮውን ማታ እወስዳለሁ፣ በማግስቱ እመልሳለሁ። ትንሿ ጠጥታ ትተኛለች፣ ተኝታ ትነሣለች፤ እግሮቿ መወራጨት ጀመሩ። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከመሸ በኋላ ስለሚገባ ወተቱን አያየውም፤ የሚያየው ልጅቷን ነው። ፊቱ ፈታ እያለ ሲመጣ አየሁ። መመለስ የሚባለውን ነገር አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

አንድ ቀን ተረኛ አልነበረም። እኔ ትንሿን ለእሱ ትቼ ምንጭ ወርጄ ዘገየሁ፤ መቼም እኔ ነኝና። ስመለስ ትንሿ እያለቀሰች ነው። ባለቤቴ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ጮጮው በፀሐይ ተገልብጧል። ውስጡ እንደ አዲስ ገለባ ቢጫ ሆኗል።

"ምን አደረግኸው?"

"አጠብኩት። በሙቅ ውሃ፣ በአሸዋና በልብስ ሳሙና። ምን ያህል ጥቁር እንደወጣው ብታይ።"

"ወተቱስ?"

"ደፋሁት። ራሴ ላጠጣት ብዬ በብርጭቆ ብቀዳው ከሥሩ ዝቃጭ አለው።"

"የወይራ ፍም ነው እኮ። እናትህስ ታጥን አልነበረም?"

"ጭሱን አውቀዋለሁ። ጭስ ሌላ ነው፣ ከሥር የሚተኛ ጥቁር ነገር ሌላ። ድሬሰሩ ያለውን ሰምተሻል።"

ምን ልበለው። ያደረገው ለልጁ ብሎ ነው፤ ቆዳው እስኪላጥ ነው የፈተገው። እኔም ታጠበ እንጂ ምን ሆነ፣ መልሳ ታጥነዋለች ብዬ ራሴን አጽናናሁና ጮጮውን ይዤ ወደ አዮ ሄድኩ።

አዮ ተቀብላኝ አፍንጫዋን ከተተችበት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ውሃ አስመጣችና ሞላችው። ከጎኑ አንድ ጠብታ ወጣ። ከታች ሌላ። ወዲያው ዙሪያውን ላብ እንዳላበው ሰው ሆነ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሥሩ ቢጠለፍም የጥልፉን ቀዳዳ የሚደፍነው የዓመታት ቅቤና ጭስ ነው። ባለቤቴ ቆሻሻ ብሎ ያወጣው ያንን ነው።

"ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ነው" አለች። "ማን ነው ያጠበው?"

"ባለቤቴ።"

"እረኛው?"

"አዎ፣ አዮ።"

"ወተት ነበረበት?"

"ነበረበት። ደፋው።"

"መሬት ላይ?"

 አዮ ጮጮውን አቅፋ ቆመች። አልጮኸችም። "እሱ ይምጣ" አለችና ገባች። እኔም ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ባለቤቴ መልእክቱን ስነግረው ጆሮው ቀላ። "አሮጊት በጠራችኝ ቁጥር እሮጣለሁ? ሮቤ ገበያ ወጥቼ አዲስ እገዛላታለሁ።"

"አዲስ አልጠየቀችም። አንተን ነው የጠየቀችው።"

"ሄጄ ምን ልላት?"

"እኔ እንጃ። እሷ ታውቃለች።"

"ለጮጮ ይቅርታ ጠየቀ ብለው ቦቴ ላይ ሲስቁብኝ ይታይሽ።"

እኔም በበኩሌ ወተት ልለምን ልጄን ይዤ ደጇ መሄድ አፈርኩ። ዕቃዋን አበላሽቶ ወተቷን መሬት ላይ የደፋ ቤት፣ በምን ፊቱ ነው "ጨምሪልን" የሚለው? ወደ ምንጩ ስወርድ በሌላ በኩል ዞርኩ። ትንሿ ወደ ዱቄቱ ተመለሰች፤ ማስመለሷም አብሮ ተመለሰ። እግሮቿ መወራጨት አቆሙ። ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኦራሉ ሲሚንቶውን ጭኖ እያቃሰተ በበሩ ገባ። ሾፌሩ ሰኞ ጠዋት እንደሚወርድ ነገረን።

ባለቤቴ ያኔውኑ ፍራሹን ጠቅልሎ ገመድ ያዘ። ቋጠሮ ሲቋጥር ማንም አይደርስበትም፤ እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ እሱን አያለሁ። ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሲጎትት፣ ትልቋ ልጃችን ወንድሟን እንዲህ ስትለው ሰማናት።

"አባዬ አሮጊቷን ፈርቷታል።"

"አባዬ ማንንም አይፈራም" አለ ወንድሟ።

"ታዲያ ለምንድን ነው እኛ የምንሄደው?"

ባለቤቴ ገመዱ ጥርሱ ላይ እንዳለ ቆመ። እኔ ቀና አላልኩም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ጠዋት የደንብ ልብሱን ለበሰ፣ ጫማውን ወለወለ። ከዚያ ያንን የነዳጅ መመርመሪያ ጠርሙሱን በሶዳ አጥቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"እሱን ምን ታደርገዋለህ?" አልኩት።

"ሳላይ አልናገርም። ልጅቷን እዘያት።"

በሩ ላይ ዋርድያው ሰላምታ ሰጠና "ሃምሳ አለቃ፣ በእሁድ ወዴት?" አለው።

"ለምርመራ" አለ ባለቤቴ ሳይስቅ።

አዮ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጮጮው እግሯ ሥር ነው። ባለቤቴ መጥቶ ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"የአውሮፕላኑ እረኛ አንተ ነህ?"

"ሃምሳ አለቃ ነኝ።"

"እሺ፣ ሃምሳ አለቃ። በርጩማው ያውልህ።"

ተቀመጠ። ጉልበቱ ከደረቱ ሊገናኝ ደረሰ። ኮፍያውን አስተካከለና "እናቴ፣ ዕቃዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ግን ወተቱ ከሥሩ ጥቁር ነገር ነበረበት፤ ልጄ ታማለች። ምን እንደሆነ ቢያሳዩኝ" ብሎ ጠርሙሱን አወጣ።

አዮ አልተቆጣችም። ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ወፍራምነቱን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ የልጇን ሚስት ተጣራችና ከሌላ ጮጮ ወተት አስቀዳችበት። ባለቤቴ አነሣው። ወተት እንደ ነዳጅ ብርሃን አያሳልፍምና ከሥሩ ለማየት አንገቱን ሰበረ። አዮም ጎንበስ አለች፣ ጉንጯ መሬት ሊነካ ደረሰ። ሁለቱም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የጠርሙሱን ቂጥ ያያሉ። እኔም አላስቻለኝም፣ ከነልጄ ተንበረከክሁ። እንደ ኑግ ፍሬ ያሉ ጥቃቅን ጥቁሮች ከሥር ተኝተዋል።

"ይሄው" አለ ባለቤቴ።

"ይሄው" አለች አዮ። "የወይራ ፍም ነው። ከተን ስንንጠው ይሰበራል፣ ጥቂት ይቀራል። ወተቱን አያስኮመጥጥም። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ልጆቼንም። አንተስ፣ በዚህ ጠርሙስ በሥራህ የምትፈልገው ምንድን ነው?"

"ውሃ።"

"ውሃ?"

"ነዳጅ ውስጥ ውሃ ከገባ አውሮፕላን ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃ እንዳይኖርበት አያለሁ።"

አዮ ቀና አለች። ወደ እኔ፣ ወደ እሱ አየች።

"እናንተም ዘንድ ውሃ የሚቀላቅል ሌባ አለ?"

ባለቤቴ መጀመሪያ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ከዚያ አልቻለም። ከደብረ ዘይት ከወጣን ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም፤ ኮፍያው ወደቀ። አዮም ጭኗን እየመታች "ጎባ ገበያ እንዳንተ ያለ ሰው ቢያቆሙልን፣ ስንቷ ወተት ሻጭ ትታሰር ነበር" አለች። ከጓዳ የልጇ ሚስት ሳቅ ተሰማ። ባለቤቴ ዓይኑን ጠርጎ ጠርሙሱን ወደ ልጃችን አፍ አስጠጋው። ትንሿ ጠጣች። ጥቁሩም አብሮ ገባ። እሱም ጠርሙሱን አልመለሰውም።

ያኔ አዮ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ልጅቷን ለምን ደበቅሻት? እኔ እሱን ጠራሁ እንጂ እሷን መቼ ከለከልኩ? በየቀኑ ወተቷን አስቀምጬ ስጠብቅ፣ በማዶ ዞረሽ ስትሄጂ አይሻለሁ።"

 ስለ ሁሉ ነገር ስጠይቃት ከርሜ፣ ልጠይቃት የሚገባኝን አንዱን አልጠየቅኋትም።

"አሁን የከፈተው ይዝጋ" ብላ ጮጮውን ባለቤቴ ጭን ላይ አኖረችው።

ኮቱን አወለቀ። ቅቤ ሰጠችው፤ በጣቱ ውስጡን ሁሉ እንዲቀባ፣ ጥልፉን በጥፍሩ እየተከተለ። ከዚያ የወይራ ፍም አምጥታ ከተተችለትና ክዳኑን ይዞ እንዲንጥ አዘዘችው። ጣቱን አቃጠለው። "ቀስ። ሕፃን ነው የያዝከው፣ አውሮፕላን አይደለም" ትለዋለች። ፍሙን ይደፋል፣ በጭራ ይጠርጋል፣ ያሸታል፣ ደግሞ ይቀባል። ሲያሸት እንደ ሥራው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጊዜ ወስዶ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አዮ ውሃ ሞላችበት። ጠብ አለ። ከቅድሙ ያንሳል፣ ግን ጠብ አለ።

"ነገ" አለችው።

"ነገ ሥራ ነኝ።"

"ከነገ ወዲያ። ካልሆነ በሚቀጥለው። ጮጮ እንደ ሰው ነው፣ ባንድ ቀን አይድንም።"

እውነቷን ነው። ያ ጮጮ ጠብታ ሳይጥል ወተት የያዘው ክረምቱ ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ትንሿ ልጄ እዚያው ግቢ በርጩማውን ይዛ መቆም ጀምራ ነበር፤ ድሬሰሩም "ይቺ ሌላ ልጅ ናት" ብሎኛል። ያን እሁድ ግን ይሄን ማናችንም አናውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ፍራሹ እንደተጠቀለለ ቆሟል፤ ልብሱም እንደታሠረ ነው። ባለቤቴ አየው፣ እኔም አየሁት። ሳንፈታው ምንጣፍ ላይ ተኛን። ደረቱ የወይራ ጭስ ይሸታል።

ሰኞ ጠዋት ኦራሉ ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ እጁን እያሻሸ "በሉ እትዬ፣ ጋቢናው ሞቅ ብሎ ይጠብቅዎታል። ካርታውን ከታች ወደ ላይ ጨርሰናል፣ አሁን ከላይ ወደ ታች ነው" አለኝ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ፍራሹ አጠገብ ቆሟል።

"አይሄዱም" አለው ባለቤቴ።

"ምነው? ተሻላት ልጅቷ?"

"ጮጮው ገና ያንጠባጥባል።"

ሾፌሩ እኔን አየኝ። "የምን ጮጮ?"

"ረጅም ነው" አልኩት።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ያንን ማንም የማይፈታውን ቋጠሮ በጥርሱ ይፈታ ጀመር። በቦቴው በኩል ያለፉ ጓደኞቹ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ "ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ የታጠነ ነዳጅ አለ?" ብለው ጮኹበት። ቀና አላለም። ቋጠሮው ለቀቀ፤ ፍራሹ ተዘረጋ። ኦራሉ ልጆቹ እስከ በሩ ተከትለውት ባዶውን ወረደ።

እኔም ትንሿን አዘልኩና ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ። ዋርድያው "ዛሬስ ቶሎ ይመለሳሉ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ከአዮ ጎጆ በታች ላሞቹ አሁን በየት በኩል ወንዝ እንደሚወርዱ ግን ገና አላየሁም ነበርና፣ መጀመሪያ እሱን ላይ ብዬ ዱካቸውን ተከተልኩ።